ማስተካከያ፦ የታሸ ጠገራ ብር ዋጋው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም

የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ስላለበት የድሮ የብር ሳንቲም፣ ስለ ጠገራ ብር፣ በተሰራጨው ጽሑፍ «ከመሸጡ በፊት በሎሚና በአመድ ቢታሽ ዋጋው ይጨምራል» የተባለው ስሕተት ነውና ይታረም። ሰብሳቢዎች የታሸውን የሚገዙት በዝቅተኛ ዋጋ ነው፤ አንዴ የተፋቀ ገጽ ደግሞ አይመለስም። እባካችሁ፣ ከአያቶቻችሁ የወረሳችሁትን አትሹት!

ብሩን ከአንድ መብራት ሥር ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። የታሸ ከሆነ ጸጉር የመሰሉ ቀጫጭን ጭረቶች ብልጭ ይላሉ፤ ሜዳው (ምስልና ፊደል የሌለበት ባዶው ገጽ) ነጥቶ ሳለ በፊደሎቹ ሥር ጥቁር እድፍ ተሸጉጦ ይቀራል።

በአገራችን ጠገራ ብር የአንገት ጌጥም ስለነበር ብዙው ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ማንጠልጠያው ተነቅሎ ቦታው በሞረድ ሲስተካከል ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ያለው ጠርዝ ይለሰልሳል፤ በጠርዙ ዙሪያ የተቀረጸው የላቲን ጽሑፍም እዚያው ላይ ይቋረጣል። ሻጩ ይህን ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁ።

«1780 የሚል ሁሉ በዚያው ዓመት የተሠራ ነው» የሚለውም ይታረም። ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደንና ሌሎችም ከተሞች ዓመቱን ሳይቀይሩ አትመውታል። የሙሉው ብር ክብደት 28 ግራም ገደማ ነው።