ገልባጩ ይኑርልን

ገልባጭ ስል መኪናውን ማለቴ አይደለም። እሱማ አሸዋውን አራግፎ ይሄዳል፤ አሸዋው የኔ ነው ብሎ አያውቅም። እኔ የማወራው የድሮ የቪዲዮ ካሴታችንን ወደ ፍላሽ ስለሚገለብጥልን ሰው ነው። ይህ ሰው ሐውልት ይገባዋል። ሐውልቱ ላይ ሎጎው፣ ከሎጎው ሥር ስልክ ቁጥሩ፣ ከስልክ ቁጥሩ ሥር ደግሞ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ተብሎ ይቀረጽለት።

ምን አደረገልህ ለምትሉኝ፣ ልንገራችሁ።

እህቴ የተዳረችው በ1987 ዓ.ም. ነው። ሰርጉ በአንድ የሦስት ሰዓት ካሴት ተቀርጿል። ከሦስቱ አንዱ ሰዓት ሰው ሲበላ ነው። የዚያን ጊዜ ካሜራማን ጉርሻው ከእጅ ተነስቶ አፍ እስኪገባ ካልተከተለ ገንዘቡን የሠራበት አይመስለውም። አጠገቡ ላይት የሚይዝ ልጅ አለ። ላይቱ ወደ ጠረጴዛው ሲዞር አክስቶቼ በሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ። ካሴቱ ላይ እናቴም አለች። ሙሽሮቹን ስትመርቅ። እናቴ ካረፈች ቆይቷል፤ ያንን ምርቃት ሌላ ቦታ አላገኘውም።

ካሴቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ስንት ዓመት ተቀመጠ። በምን እንየው? የቤታችን ዴክ የመጨረሻ ካሴቱን በልቶ ከሞተ በኋላ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል። አዲስ እንዳትገዙ የሚሠራው የለም። ጄቪሲ ቪኤችኤስን፣ ማለት ይህንኑ የካሴትና የዴክ ዓይነት፣ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። የመጨረሻው የዴክ አምራች፣ ፉናይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቆመ። 40 ዓመት ኖሮ አረፈ ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው በክረምት ጎተራው የሞላ ገበሬ ነው። ተለማምጣችሁ ነው የምትገቡት።

ተለማምጬ ገባሁ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። «ከገለበጥከው በኋላ ኮፒው አንተ ጋ ይቀራል ወይ?» ብዬም አልጠየቅሁም። የእናቴን ድምፅ ለማላውቀው ልጅ ሰጥቼ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ለጫማ ጠጋኝ ጫማዬን ስሰጥ እንኳ መቼ ልምጣ ብዬ እጨቀጭቃለሁ።

ደግሞ ሥራው ቀላል አይምሰላችሁ። ካሴት እንደ ፋይል ኮፒ ፔስት አይደረግም። ሦስት ሰዓት የተቀረጸው ሲገለበጥም ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የዴኩ ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበው ክፍል፣ በአልኮል ይጠረጋል። የሻገተው ይጸዳል፣ የተበጠሰው ይቀጠላል። ልጁ ይህን ሁሉ እንዳደረገ አልጠራጠርም። እንዲያውም የእህቴን ሰርግ ከቤተሰቡ ሁሉ አብልጦ በጥሞና ያየው እሱ ነው። ማስረጃ አለኝ።

ማስረጃው ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዋሽንግተን በስልክ መጣ። ታናሿ አክስቴ ናት። «አንተ ልጅ፣ እትዬ ዩቲዩብ ላይ ወጥታለች እኮ!»

ከፈትኩት። ርዕሱ «ጉድ! ሙሽራዋ በሰርጓ ቀን ለምን አለቀሰች? እስከ መጨረሻው ይመልከቱ» ይላል። እህቴ ያለቀሰችው ላይቱ ዓይኗን አቃጥሏት ነው። እስከ መጨረሻው ብታዩም ይህ አይነገራችሁም። የገልባጩ ሎጎ እናቴ ግንባር ላይ አርፏል፤ ስልክ ቁጥሩ ከሚዜው ደረት እስከ ኬኩ ድረስ ተዘርግቷል። ጥግ ላይ «4ኬ» ተብሏል። የቪኤችኤስ ምስል ጥራቱ ቢበዛ 240 መስመር ገደማ ነው፤ 4ኬ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ልዩነቱን ከየት አመጣው? ምስሉን ያጎላው ማሽን ከራሱ ፈጠረዋ! አያቴ በዚያ ሰርግ ላይ አንድም ጥርስ አልነበራቸውም። ዩቲዩብ ላይ ሙሉ ጥርስ አብቅለዋል። አጎቴ እስክስታ ሲወርድ እጁ ላይ ስድስት ጣት ቆጥሬያለሁ። እንዲህ ያለ ቸር ባለሙያ የት ይገኛል?

ምርቃቱ ጋ ስደርስ ግን ድምፁ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ስትመርቅ ከኋላዋ ቴፕ ተከፍቶ ነበር። ዩቲዩብ ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮንቴንት አይዲ የሚባል የዘፈን አነፍናፊ አለው። ዘፈኑን ካወቀው ለባለመብቱ ይነግረዋል፤ ባለመብቱም ከፈለገ የማስታወቂያውን ገንዘብ ይወስዳል። ከመውጫዎቹ አንዱ ይኸውላችሁ። ዘፈኑ ያለበትን ቦታ ድምፁን ማጥፋት። የኛ ሰው ብሩ ለዘፋኙ ከሚሄድ የእናቴ ምርቃት ይቅር ብሎ ወሰነ። ይኼ ነው ቆራጥነት! እናቴ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ሙሽሮቹ አሜን አሜን ይላሉ፤ ሁሉም ዝም ነው። ከሥሩ አንዱ «ምን እያሉ ነው?» ብሎ ጽፏል። ገልባጩ በልብ ምልክት መልሶለታል።

እኔም የዋህ ነኝና አዋጁን አገላበጥኩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996። አንድ ሥራ ጥበቃ እንዲያገኝ ወጥ መሆን አለበት ይላል። እኔ «ወጥ» ማለት ከራስ አመንጭቶ የተሠራ፣ ከሌላ ያልተቀዳ ማለት መስሎኝ ነበር። ገልባጩ ግን ካሴቱን በዓይኑ አይቷል። ወጥማ ሞልቶ! ዶሮ ወጥ አለ፣ ቀይ ወጥ አለ፣ አልጫ አለ። ታዲያ መብት ያንሰዋል?

ሌላም አንቀጽ አለ። ታትሞ የወጣን ሥራ አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። እዚህ ላይ ገልባጩ ከጠበቆች ሁሉ በልጧል። «የግል ጥቅም» የሚለውን ቃል በቃል ተረድቶታል። አንድ ቅጂ ለኔ፣ ጥቅሙ ለሱ። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የሚለውን ገጽ ምናልባት ሲገለብጥ ዘሎት ይሆናል። ካሴት እኮ አንዳንድ ጊዜ ይዘላል።

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ምን ያህል ጊዜ እንዳባከኑ ብታውቁ ታዝናላችሁ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከቴሌቪዥን ፕሮግራም ቢቀዳ የመብት ጥሰት ነው አይደለም ብለው የመቅጃውን አምራች ሶኒንና የፊልም ኩባንያዎቹን ለዓመታት አከራከሩ። በ1984 እ.ኤ.አ. ከፍተኛው ፍርድ ቤታቸው 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ በኋላ ለማየት መቅዳት ይቻላል ብሎ ፈረደ። በአንድ ሰው ብልጫ! የኛ ቪዲዮ ቤቶች ሁለት ዴክ በአንድ ገመድ አገናኝተው ክርክሩን በአንድ ሌሊት ዘግተውት ነበር። የሰርጉ ካሜራማንም ቢሆን እህቴ ከመኪና ስትወርድ ከበስተኋላ ያስገባውን ዘፈን ማንን አስፈቅዶ ነው? ገልባጩ ከዘር ነው የወረሰው።

ሱቁ ሄድኩ። እንዳልቆጣ ለራሴ ነግሬ ነበር።

«ወንድሜ፣ የእህቴን ሰርግ ዩቲዩብ ላይ ጫንከው?»

«አዎ ጋሼ፣ በጣም ተወዶልናል!» አለኝ። «ተወዶልናል» ሲል እኔንም ጨምሮ ነው። ደስ አይልም?

«ሳታስፈቅደን?»

ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ እሱን ካነሱት እኔም ቅሬታ አለኝ። ቪዲዮውን ዳውንሎድ አድርገው የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለቀውታል አሉ። ሎጎውን ቆርጠው! እኔ ስንት ቀን የለፋሁበትን ሥራ! ልከስዎት እችል ነበር እኮ። ለደንበኝነት ብዬ ነው የተውኩት።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ምን ላድርግ? ፍላሹ ላይ የሰጠኝ ቅጂም ሎጎ አለበት፤ ምርቃቱ ላይ ግን ድምፅ አለው። «ያለ ሎጎ ይሰጠኝ» አልኩት። ያለ ሎጎ ዋጋው ሌላ ነው አለኝ። ከፈልኩ። ሲመልስልኝ አንድ እስክሪብቶ መረቀልኝ። እስክሪብቶው ላይ ሎጎው አለ።

ትናንት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የመልሱ ካሴት የለም እንዴ? ተመልካቹ ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሁለት እያለ አስጨንቆናል።»

አለ። መልሱ ማታ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ቴፑም ዝም ብሎ ነበር። ካሜራው በባትሪ፣ ሰዉ በፋኖስ። ከበሮ ይዛ የምታወጣው እናቴ ናት። ያንን ድምፅ የዩቲዩብ ማሽን አያውቀውም፤ ስለዚህ አይጠፋም።

ፌስታሉን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርጄዋለሁ። ዴክ ያለው ሌላ ሰው አላውቅማ።