የድሬ ዓይን ማይክሮስኮፕ አይሻም

ድሬዳዋ ላብራቶሪ ምን ያደርግላታል? በድሬ ሙቀት ትኩሳትን ከአየሩ መለየት በራሱ ጥበብ ነው፤ እኛ ደግሞ ከዚያም አልፈን በሽታውን በስሙ እንጠራዋለን።

የታመመ ሰው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ብቅ ማለት ብቻ ይበቃዋል። ካርድ የለም፣ ወረፋ የለም። ትራሱን ደገፍ ያለው ቀና ብሎ ያየውና «ዓይንህ ደፍርሷል፤ ወባ ነው» ይላል። ጉንጩን የወጠረው ሌላው «የምን ወባ አቦ! ታይፎይድ ነው» ይላል። በዕድሜ የገፉት ጋሼ ያስታርቃሉ፦ «ሁለቱም ነው።» ምርመራው አለቀ። ሂሳብ የለም።

እነዚያ ነጭ ጋውን የለበሱ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ግን ያሳዝናሉ። ስንት ዓመት ተምረው አሁንም ዓይናቸውን አያምኑም። ጣት ወግተው ደሙን መስታወት ላይ አንዴ ወፈር፣ አንዴ ሳሳ አድርገው ይቀባሉ። በወፍራሙ ተውሳኩን ይፈልጋሉ፣ በስሱ ዓይነቱን ይለያሉ። ጊምሳ የሚባል ቀለም አልብሰው፣ ዘይት ጠብ አድርገው፣ ሺህ እጥፍ አጉልተው ያያሉ። «ወባ የለም» ለማለት እንኳ ቢያንስ መቶ ቦታ ማየት አለባቸው። መቶ! ጋሼ አንዴ ገልመጥ አድርገው የጨረሱትን።

ደግሞ የወባው ዓይነት ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ እያሉ ይጨነቃሉ። ለአንዱ ኮአርተም፣ ለሌላው ክሎሮኪን ይታዘዛል፤ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ ሌላ መድኃኒት ይጨመርለታል። ለበርጫው ይህ ሁሉ መንዛዛት ነው።

ከመካከላችን ሠልጠን ያለው ላብራቶሪ ይሄዳል፤ ግን ትዕዛዙን ይዞ ነው። «ታይፎይድ እይልኝ!» ዊዳል የሚባለው ምርመራ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው፤ ድሮ ታሞ የዳነም ፖዘቲቭ ሊባል ይችላል። ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ ለማየት ቀናት ይፈጃል። ማን ይጠብቃል? ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ መድኃኒት ቤት አለ።

ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2013 በትንኝ የሚተላለፈውን ደንጊን አስተናግዳለች፣ በ2019 እንደዚያው በትንኝ የሚመጣውን ቺኩንጉንያን። በ2022 ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ በየግቢው ባጠራቀምነው ውኃ የምትራባ ትንኝ ወባ አዛመተችብን። ሦስቱም በትኩሳትና በቁርጥማት ይጀምራሉ። እነዚያ ምስኪኖች ለመለየት ደም ሲቀዱና ደም የሚያረጉትን ፕላትሌቶች ሲቆጥሩ ይውላሉ። እኛ ለሦስቱም አንድ መልስ አለን፦ ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ። ደንጊ ላይ ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል ይላሉ። ይበሉ፤ ቁርጥማቱን ግን ጸጥ ያደርገዋል።

ውጤቱም ይመሰክራል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ታማሚው ትኩሳቱ ወርዶለት ይመጣል። «አላልኩህም?» ይላሉ ጋሼ። ሲፕሮ ይመሰገናል፣ የተረፈው ክኒን ሳል ለያዘው ጎረቤት ይተላለፋል። የላብራቶሪው ሰውዬ እዚያ ቢኖር፣ ደንጊ ከሆነ አደገኛው ጊዜ የሚጀምረው ልክ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው ብሎ ጨዋታውን ያበላሽብን ነበር። ደግነቱ በርጫ ላይ አልተጠራም።