ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «ጃኦዲ»

ለ፦ ክቡር ጃኦዲ፣ የሴት ልጅ ስም
ቻይና
ጉዳዩ፦ ስንብትዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን፤ ወንድምየው ግን እስካሁን አልመጣም።

ለማያውቅዎት አንባቢ ላስተዋውቅዎት። ትርጉምዎ «ታናሽ ወንድም ጥሪ» ማለት ነው። ሴት ተወለደች፣ ቤተ ዘመድ ፊቱን አጠቆረ፣ እርስዎም ተጠርተው ሕፃኗ ላይ ተለጠፉ። «ጃኦ» የሚለው ፊደልዎ የፋብሪካ በር ላይ «ሠራተኛ ይፈለጋል» ሲባል የሚጻፈው ያው ፊደል ነው። ልጅቱ ጡት ሳትጥል የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሆነች፤ ቦታው ግን የእርሷ አይደለም። «ጃኦ» 8 ጭረት፣ «ዲ» 7። ትምህርት ቤት ስትገባ በየደብተሯ ሽፋን ላይ 15ቱንም በእርሳስ እየጫረች የወንድሟን መጥሪያ ትጽፋለች።

የሥራ አፈጻጸምዎን እንየው። እርስዎ ጠርተው ሴት ስትመጣ ባልደረባዎ ላይዲ፣ «ወንድም ና»፣ ተቀጠሩ። አሁንም ሴት። ቀጥለው ፓንዲ፣ «ወንድም ናፋቂ»፣ ገቡ። ሦስት ጊዜ የከሸፈበት መሥሪያ ቤት ቢሆን እስካሁን በታሸገ ነበር። ለነገሩ ማመልከቻው የገባው ያለ ቦታው ነው፤ የልጅን ጾታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ክሮሞዞም ነው። ስሙ ለአባትየው ቢወጣ ምን ነበረበት? ወንድምየው ቢመጣስ? ጉዳይዎ አለቀ ተብለው አይሰናበቱም፤ እርሷ አርጅታም መታወቂያዋ ላይ ቁጭ ብለው ይጣራሉ።

መንግሥትም አግዞዎታል። በአንድ ልጅ ፖሊሲ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ በብዙ አውራጃዎች የመጀመሪያ ልጁ ሴት የሆነችበት ገበሬ ሁለተኛ እንዲወልድ ይፈቀድለት ነበር። የፊተኛዋ እንደ ሙከራ ተቆጠረች ማለት ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2010 ለ100 ሴት 118 ያህል ወንድ ይወለድ ነበር። ይህ ሁሉ የእርስዎ ጥሪ ውጤት ነው ብዬ አላሞግስዎትም፤ የፅንስን ጾታ የሚያሳየው አልትራሳውንድም ድርሻ አለው። አሁን በዚያ ፖሊሲ ዘመን ከተወለዱት ወንድሞች ብዙዎቹ ሚስት አጥተዋል። ለእነርሱ ማን ይጥራላቸው?

እኛም አገር ስም ላይ መልእክት ይጫናል፤ አልክድም። ካሳና ምትኩ ግን የሚያስቡት ኖሮ የሞተውን ነው። እርስዎ ላልተፀነሰ ሰው ሲሉ የተወለደችውን ያስረሳሉ። ዘመናዊ ነኝ ባዩ ዘመድዎ ሸንግናንም፣ «ወንድን የምትበልጥ»፣ ያው ናቸው፤ መለኪያውን ከወንድ እጅ አላስለቀቁም።

ስለዚህ ይሰናበቱ። ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው የቻይና የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ስሙን የመለወጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ባለስሟ 18 ዓመት ከሞላት ራሷ ታመለክታለች፤ ካልሞላት የሚያመለክቱላት ወላጆቿ ናቸው፣ ማለትም እርስዎን የቀጠሩት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአባትየው
ገና ላልተወለደው ወንድም (አድራሻው ስላልታወቀ በእህቱ በኩል)