ጃካል የኛ ሰፈር ቢከራይ

መጨረሻው የታወቀ ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ ይነበባል ወይ? ይነበባል እንጂ! የፍሬድሪክ ፎርሳይትን «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ማለቴ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1971 የወጣ መጽሐፍ ነው፤ ስለዚህ ምስጢሩን ስዘረግፈው ማንም እንዳይቀየመኝ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ተጠብቃችኋል።

አልጄሪያ ነፃ በመውጣቷ ያኮረፉ ፈረንሳውያን ፕሬዚዳንት ዴ ጎልን ሊገድሉ ይፈልጋሉ። እስከዚህ እውነት ነው። ነሐሴ 1962 ፓሪስ አጠገብ መኪናውን ወንፊት አድርገውት ሰውየው ሳይነካ አለፈ፤ የሴራው መሪ የነበረው መኮንንም በዓመቱ ተረሸነ። ከዚህ በኋላ ያለው የደራሲው ነው። ኦኤኤስ የሚባለው የእነዚሁ አኩራፊዎች ቡድን ሰዎቹ ሁሉ ስለታወቁበት፣ ማንም የማያውቀው እንግሊዛዊ ነፍሰ ገዳይ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይቀጥራል። ጃካል እሱ ነው።

መጽሐፉን እጄ ላይ ያዩ አንድ የሰፈራችን ጋሼ «ዴ ጎልን? አልገደሉትም እኮ! በ58 ነሐሴ አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ ጋር ሲያልፍ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» አሉኝ። ልክ ናቸው። የኛ 58 የፈረንጆቹ 1966 ስለሆነ፣ ልብወለዱ ከቀጠረለት ቀን ሦስት ዓመት ቆይቶ መምጣቱ ነው። የሞተውም በፈረንጆቹ 1970 እቤቱ ተቀምጦ ካርታ ሲደረድር ነው። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ግን ጃካል ጠመንጃውን ሲገጣጥም መዳፌ ላብ በላብ!

ሚስጥሩ ፎርሳይት ጋዜጠኛ መሆኑ ይመስለኛል። በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ የሮይተርስ ዘጋቢ ነበር። እያንዳንዷን ነገር እንዴት እንደምትሠራ ያሳይሃል። ለምሳሌ ፓስፖርት። ጃካል አንድ ገጠር መቃብር ይሄድና በሕፃንነቱ የሞተ የእኩያውን ልጅ ስም ከድንጋዩ ላይ ያነባል፤ በዚያ ስም የልደት ምስክር ወረቀት ያወጣል፤ በወረቀቱ ደግሞ ፓስፖርት። በቃ! «ሲስተም የለም፣ ከምሳ በኋላ ተመለስ» የለም። ጉርድ ፎቶህ ጆሮ አያሳይም ተብሎ መባረር የለም። የሞተ ልጅ ወረቀቱን እንዲህ ሲጨርስ እኔ በሕይወት ያለሁት ሰውዬ ስንቴ እንደተመላለስኩ ባልናገር ይሻላል። ምዕራፉ እኛ ጋ ቢጻፍ ዴ ጎል በእርጅና ይሞታል፣ ጃካል ገና ወረዳው በር ላይ ነው።

ሌላው የሚገርመኝ ሰውየው ሲገባ ሲወጣ «ወዴት ነው?» የሚለው አለመኖሩ ነው። እስቲ የኛ ሰፈር አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይሞክራት! በመጀመሪያው ቀን ቡና ይጠራል። «የት ነው የምትሠራው የኔ ልጅ? አግብተሃል? አባትህ ማን ይባላሉ?» ዝም ካለ «ኩሩ ነው» ይባላል፤ ከመለሰ በሳምንቱ የአከራይዋ የእህት ልጅ ትታሰብለታለች። ያቺን ሻንጣውን ደግሞ ማሙሽ ሳይከፍታት አያድርም። ኮሚሳር ሌቤል የሚባለው መርማሪ ከየሆቴሉ በተሰበሰበ የእንግዳ ካርድ ስንት ሌሊት የለፋበትን ነገር፣ የኛ እትዬዎች በአቦል ይጨርሱት ነበር። (ሌቤልን በነገራችን ላይ ወድጄዋለሁ። አገር የሚያሳድደውን ገዳይ ያሳድዳል፣ እቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱን ይፈራል።)

አሁን ወደ ጥይቷ። በፈረንጆቹ ነሐሴ 25 ቀን 1963፣ ፓሪስ ነፃ የወጣችበት በዓል ነው። ጃካል አንድ እግሩን ያጣ አርበኛ መስሎ፣ ጠመንጃውን ክራንቹ ውስጥ ደብቆ፣ ጥበቃውን ሁሉ አልፎ ፎቅ ላይ ወጥቷል። ዴ ጎል አንድ ሜትር ከ96 ሴንቲ የሚረዝም ሰው ነው፤ እሱን መሳት ይከብዳል። ለአንድ አርበኛ ሜዳልያ ሰካለት። ጃካል ቃታውን ሳበ። ዴ ጎል የአርበኛውን ጉንጭ ሊስም ጎንበስ! ጥይቷ አየር ቀዝፋ አለፈች።

እንግሊዛዊ ነዋ! ርቀቱን ለካ፣ መስኮቱን መረጠ፣ ጥይቱን ልዩ አሠራ፤ ሰዎች ይሳሳማሉ ብሎ ግን አላሰበም። አንድ ሐበሻ ቢያማክር «ቆይ፣ አትቸኩል፣ ገና ሰላም ሊባባሉ ነው» ይለው ነበር። እኛ ጋማ ጉንጭ ሦስቴ፣ ትከሻ፣ «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ እማማ ደህና ናቸው»፣ ከዚያ «አረ ጠፋህ!» ተብሎ እንደ አዲስ ከጉንጭ ይጀመራል። ጭንቅላት አንድ ቦታ የሚረጋበት ቅጽበት የለም። በዓል ከሆነማ አርበኞቹ ተስመው ሳያልቁ ይመሻል።

አንድ አልዋጥልኝ ያለ ነገር ቢኖር ቀብሩ ነው። ጃካል ይገደላል፤ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ቆመው ስም በሌለው መቃብር ይቀብሩታል። ይሄ የማይመስል ነው! እኛ ሰፈር ቢሆን እድሩ ድንኳን ይተክል ነበር። «አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ሻንጣውን ብቻ ይዞ የሚወጣ ጨዋ ልጅ!» ተብሎ ይለቀሳል። በሰልስቱ ደግሞ የአክስቱ ልጆች ነን የሚሉ ከደብረ ብርሃን ይደርሳሉ።