«ከየትም ሆኖ መሥራት ይቻላል» ውሸት ነው

«ከየትም ሆኖ መሥራት ይቻላል» የሚል የፕሮግራመር ሥራ ማስታወቂያ አንጀቴን ያሳርረዋል። ቅጹን ትሞላለህ፣ ቅዳሜና እሁድህን ሠውተህ የቤት ፈተናውን ሠርተህ ትልካለህ፤ መጨረሻ ላይ «ይቅርታ፣ አንተ ያለህበት አገር መቅጠር አንችልም» ይሉሃል። የታክስና የሠራተኛ ሕጉ በየአገሩ እንደሚለያይ ይገባኛል። ግን ያን ጊዜ ነው የታወቃችሁ? መጀመሪያ አትጽፉትም ነበር?

ብትቀጠርም ደመወዝህ የሚለካው በአድራሻህ ነው። እኔና ውጭ ያሉት ባልደረቦቼ ጊት (የኮድ ለውጦች መመዝገቢያ) ላይ የምንልከው ኮድ አንድ፣ ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ የሚጮኸው ስልክ አንድ፣ ክፍያው ግን ሰማይና ምድር! ስብሰባውም ሁሌ በቀጣሪዎቹ አገር ሰዓት ነው። እኔ ልተኛ ስል «ስክሪን ሼር አድርግ» እባላለሁ።

ጀማሪዎቹማ ያሳዝኑኛል። «ጀማሪ እንፈልጋለን» ብሎ የ5 ዓመት ልምድ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው? ልጆቹ ልምዱን ከየት ያምጡት?