የ30 ዶላር ጣረሞት

ፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤት ለሃሎዊን፣ አሜሪካኖች ቤታቸውን በሚያስፈራ ነገር ለሚያስጌጡበት በዓል፣ ሰው ሠራሽ አጽም ገዛ። ቁመቱ 12 ጫማ ነው። ይህን ዓይነቱን ሆም ዲፖ የሚባለው የቤት ዕቃና የግንባታ መደብር እ.ኤ.አ. በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣው 299 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የኔ መኝታ ቤት የሚገኘው ደግሞ ልክ በአጽሙ ዓይን ትይዩ ነው። ማታ ማታ እንተያያለን።

ልጄ በመስኮት አየችውና "ዳዲ፣ የኛስ?" አለችኝ። "የኛስ" የስንቱን ኪስ እንዳራቆተ የሚያውቅ ያውቃል። እኔ ይሉኝታን ቦሌ ኤርፖርት ሸኝቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም ዲቪ ደርሶታል።

ለአጥንት 299 ዶላር አላወጣም አልኩ። በዚያ ብር ሥጋ ያለበት በግ እገዛለሁ። በገዛ እጄ እሠራለሁ፣ በጀቱም 30 ዶላር ነው ብዬ አወጅኩ።

ኢንተርኔት ላይ የማይቀል ነገር የለም። ባዶ የወተት ጋሎን ታጥባለህ። በጥቁር ማርከር ዓይንና አፍ ትስልበታለህ። ከኋላው ቀደድ አድርገህ የገና መብራት ትከትበታለህ። በቃ፣ ጣረሞት ሆነ። ወጪ፣ ዜሮ። ተንኮሉ ያለው "ባዶ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ከበሩ እስከ መንገዱ ለመደርደር 8 ጋሎን ያስፈልጋል። ባለቤቴን ወተት ሆዷን ይነፋታል። ልጄ የምትጠጣው የለውዝ ወተት ነው። ከጎጃም ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ደግሞ ጽጌን ትጾማለች። "የፈቃድ ጾም እኮ ነው እማዬ" ብላት፣ "እና ፈቃዴ ነዋ!" አለችኝ።

8 ጋሎን ሙሉ ወተት ገዛሁ። ለነጻው ጣረሞት 30 ዶላሩ እዚያው አለቀ፣ አለፍ ብሎም ሄደ። ወተቱን ልድፋው ስል እማዬ ራሷን ያዘች። ትልቁን ድስት ጣደች፣ ሎሚ ጠብ አደረገችበት፣ አይብ አወጣችው። ጣቷን እንኳ ሳትልስ። እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎመን በአይብ በላን።

ፊት ቀርጬ በር ላይ ስላስቀመጥኩት የሃሎዊን ዱባ ብዙ አላወራም። አየርላንዶች አገራቸው እያሉ ፈልፍለው መብራት የሚያስገቡበት የሥር አትክልት ነበር። አሜሪካ ሲሰደዱ ዱባ አገኙና ወደሱ ዞሩ። ቀድመውን የመጡት ሐበሾች ጤፍ ሲያጡ በፓንኬክ ዱቄት እንጀራ እንደጋገሩት ማለት ነው። ይህን ለእማዬ ባስረዳትም አልተዋጠላትም። ፍሬውን ከቆሻሻው ለቅማ ቆላችው። ከሆዱ የወጣውን ወጥ ሠራችበት፣ ውሃ ውሃ አለባት። "ቢጣፍጥማ መች ይጫወቱበት ነበር" ብላ ፋይሉን ዘጋች። በነጋታው ሽኮኮዎች የዱባውን አፍንጫ በሉት።

ቀጥሎ ሰው ልሠራ ተነሳሁ። አሮጌ ሱሪ ውስጥ የወደቀ ቅጠል እየጠቀጠቅሁ ሳለ እማዬ ወጣች።

"ማስፈራሪያ ነው?"

"አዎ።"

"ምን ዘርታችሁ ነው?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለየትኛው ወፍ ነው?"

"ለልጆች ነው እማዬ። የሰፈር ልጆች ሲመጡ እንዲፈሩ።"

"እንዳይመጡ?"

"ኧረ እንዲመጡ! ሲመጡ ከረሜላ እንሰጣቸዋለን።"

ትንሽ ዝም አለች። "ጠርታችሁ ታስፈራራላችሁ፣ አስፈራርታችሁ ታበላላችሁ" አለች ለራሷ።

ከዚያ ግን ሥራዬን ማየት አልቻለችም። የማሽላ ማሳ ስትጠብቅ ያደገች ሴት ናት። የሠራሁለትን ፊት ከነካርቶኑ ገነጠለችው። ወፍ የምትሸሸው ፊት አይታ ሳይሆን ልብስ ሲወዛወዝ ነው አለች። ሁለት እንጨት በመስቀል አሰረች፣ እጅጌውን ሳትጠቀጥቅ ባዶውን ተወችው። ነፋስ ሲመጣ ክንዱ ብድግ ብሎ ወደኔ ጠቆመ። እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ። ይበልጥ የደነገጥኩት ግን ያለበሰችው ኮት የሥራ ኮቴ መሆኑን ሳይ ነው።

ቀኑ መቼ ነው ስትለኝ ኦክቶበር 31 አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። "ጥቅምት 21! በማርያም ቀን?" አማተበች። ቀኑን ማስቀየር እንደማልችል ስታውቅ ዳቦዋን ደፋች፣ ጸሎቷን አደረሰች። ማታ የከረሜላውን ሳህን በረንዳ ላይ ሳስቀምጥ "ያለ ጠባቂ?" አለች። አንዱ መጥቶ ሁሉንም ቢዘግንስ? ወንበር አስወጣች። ብርድ ስለነበር ነጭ ጋቢዋን እስከ ዓይኗ ተከናነበች፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀመጠች። የቤታችንን የበረንዳ መብራት ደግሞ ጣረሞቶቹ እንዲታዩ ብዬ አጥፍቼዋለሁ።

መጀመሪያ ከመጡት አንዱ የሸረሪት ልብስ ለብሷል። ጋሎኖቹን አለፋቸው። ማስፈራሪያውን ገፋ አድርጎት አለፈ። እጁን ወደ ሳህኑ ሲሰድ ከጋቢው ውስጥ "አንድ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ጩኸቱ ሦስት ቤት ተሰማ። ከረጢቱን ጥሎ ነው የሮጠው።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ 10 ደቂቃ አልፈጀበትም። ሰልፍ ሆነ። ባለ 12 ጫማው ቤት ጭር አለ። እማዬ ግን ቅር ብሏታል። "እንዴ፣ አይዘፍኑም? የኛ ልጆች በቡሄ ለአንድ ሙልሙል ስንት ግጥም ያወርዳሉ! እነዚህ ዝም ብለው እጅ ይዘረጋሉ።"

በመጨረሻ ጎረቤቴ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። አጥሩ ጋ ቆሞ እማዬን ትክ ብሎ አያት። መቁጠሪያዋ አንድ በአንድ ይንቀሳቀሳል።

"በጣም የሚገርም ሥራ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "ስንት ገዛኸው?"

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት፣ ደርሶ መልስ። ደመርኩት።

"ካንተው አጽም ይበልጣል" አልኩት።