አንገት ላይ ያበጠ ሁሉ ንፍፊት አይደለም

አገር ቤት አንገቱ ያበጠ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የንፍፊት ቲቢ ነው። አያስወቅስም፤ በሽታው ብዙ ሰው ላይ አለ። በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድና ነገሩ በአብዛኛው እዚያው ይለያል። ባሕር ማዶ ግን መርፌው ከመግባቱ በፊት እብጠቱን በአልትራሳውንድ ማየት ተለምዷል። ይህ የቅደም ተከተል ልዩነት ለብዙው ታካሚ ምንም አይደለም፤ ፓራጋንግሊዮማ ላለበት ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ይህ እምብዛም የማያጋጥም ዕጢ ከመንጋጋ ሥር፣ ካሮቲድ የተባለው ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ይበቅላል። ሲያድግ የጉሮሮን ግድግዳ በቶንሲል በኩል ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ድምፅ ይጎረናል፣ መዋጥ ይከብዳል። በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ሲወጋ ይደማል፤ ደም የበዛበት ናሙናም ያሳስታል። በአፍ በኩል ቆርጦ ናሙና መውሰድማ ለሕይወት ያሰጋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ኦክስጅን በሳሳበት አየር ዕድሜያቸውን የኖሩ ሰዎች ላይ ይበልጥ ይታያል። እንግዲህ ከማንም በላይ ሊጠረጥረው የሚገባው ደጋ ላይ የሚሠራ ሐኪም ነው።

ለመጠርጠር ደግሞ ጣትና ማዳመጫ ይበቃሉ። እብጠቱ ወደ ግራና ቀኝ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ላይና ታች ግን አይልም። ብዙ ጊዜ ከልብ ምት ጋር ይመታል፤ ማዳመጫ ሲያርፍበት አንዳንዴ ሽው የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳይ አልትራሳውንድ)፣ ከዚያ በመድኃኒት የታገዘ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ፣ የአንገቱን ሁለቱንም ጎን።

ከቀዶ ሕክምና በፊት በደም ውስጥ ያለው ሜታኔፍሪን፣ ማለትም አድሬናሊን መሰል ሆርሞኖች ሲሰባበሩ የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ ይለካል። የአንገት ዕጢ አድሬናሊን መሰል ሆርሞን የሚያመነጨው ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ ሳይለካ ማደንዘዣ ከተሰጠ የደም ግፊት በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ከ3 ሕመምተኞች የአንዱ ያህል በዘር የሚተላለፍ ነው። የዘረመል ምርመራ በሌለበት እንኳ «ከቤተሰብ እንዲህ ያበጠበት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ከውጭ ገንዘብ የሚልክ ዘመድ «ቶሎ ይውጣለት» እያለ መወትወቱን ቢተው መልካም ነው። ዕጢው በአማካይ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። በዕድሜ የገፋና ምንም የማያመው ሰው በየጊዜው በኤምአርአይ እየታየ መኖር ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናው የድምፅና የመዋጥ ነርቮችን ሊጎዳ ይችላልና። ማውጣት ግድ ከሆነ ዘመድ የሚጠይቀው ይህን ይሁን፦ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም አብሮ ይገባል ወይ? ደም ተዘጋጅቷል ወይ? ዕጢው በሁለቱም ጎን ካለ በአንድ ቀን ሁለቱም አይነኩም፤ የሁለቱም ወገን ነርቭ ከተጎዳ መተንፈስም መዋጥም ይቸግራል።